ከርነል ኮሎኔል አይደለም

ጥቅምት 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ ለጥያቄ፣

ሰላምታዬ ከስፌት ቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ አንተ እስከተቀመጥክበት ወንበር ድረስ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቴ ደህና ነው፣ የስፌት መኪኖቹ ደህና ናቸው፣ ቆራጩም እንደ ልማዱ ተቆጥቶ ደህና ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያለፈው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ ደጋግሜ ሳነብበው ነው የማመሸው። "ስለ ሥራዬ ደጋግመሽ ስለጠየቅሽኝ በአጭሩ ልንገርሽ" ብለህ የጻፍከውን ነው የምልህ። በረዥሙ ብትነግረኝ ይሻል ነበር።

"በጃቫ ነው የምንሠራው" ትላለህ። ጃቫ መቼ ሄድክ? ቴምብሩ ግን የድሮው ነው። "የምውለው ሰርቨር ላይ ነው" ትላለህ። ጎረቤታችንን ፋርማሲስቷን ጠየቅኳት። እሷ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ሰርቨር ማለት አስተናጋጅ ነው አለችኝ። በአስተናጋጅነት ነውር የለም፤ ሠርቶ መብላት ክብር ነው። ግን ያ ሁሉ ትምህርት ሳህን ለመሸከም ከነበረ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ሸሚዝህን ከብብቱ ሰፋ አደርግልህ ነበር።

ይባስ ብለህ "የምንሠራቸው ሁሉ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የሚኖሩት" ብለሃል። ኮንቴይነር አጥቼው ነው? መንገዳችን ጥግ ላይ ያለው ጫማ ሠሪ የሚውለው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ቀን ይጋገርበታል፣ ጠዋት ጠዋት ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ኮሎኔሉ ነው። "ከርነል" ብለህ ጽፈሃል፤ ፊደል ድሮም ያስቸግርህ ስለነበር ኮሎኔል ለማለት መሆኑ ገብቶኛል። "መጀመሪያ የሚነሣው ከርነሉ ነው፣ ኮንቴይነሮቹን የሚያስነሣው እሱ ነው፣ እሱ ከወደቀ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይሞታሉ።" ልጄ፣ ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው? አስተናጋጅን ከኮሎኔል ምን አገናኘው? "አፕሊኬሽኖቹም በየኮንቴይነራቸው ሆነው እስኪጠሩ ይጠብቃሉ" ያልከውን ፋርማሲስቷ "ማመልከቻ ማለት ነው" አለችኝ። ቆራጩን ባማክረው መቀሱን አስቀምጦ "ልጁ ታስሯል፤ ማመልከቻ አስገብቶ በዘዴ እየነገረሽ ነው" አለኝ። ተኳሹ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ልብስ ተኳሹን ማለቴ ነው፤ ከኮሎኔሉ ጋር እንዳታገናኘው።

ወፍራም ገበር ያለው ጃኬት ልኬልሃለሁ፤ የብረት ቤት ይበርዳል። ለኮሎኔሉም የአንገት ልብስ ጨምሬያለሁ። ክፉም ቢሆን አንገቱ ሲሞቀው ይለዝብ ይሆናል። እውነቱን ጻፍልኝ። አትደብቀኝ፤ የሚያስደነግጠኝ የማላውቀው ነገር ነው።

የምትቀመጥበት ይሙቅልህ፣ የምትረግጠው ይለስልስልህ።

አክስትህ እታለም


ኅዳር 6 ቀን

ለውድ አክስቴ ለእታለም፣

እጅሽን ስሜ፣ ጉልበትሽን ጠይቄ፣ ቆራጩን ከሩቅ ሰላም ብዬ እጀምራለሁ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቢሮ ውስጥ ነበር። ሳቁ ሲያፍነኝ አጠገቤ ያለው ሰው ውሃ ይዞ መጣ፤ ምን እንደሆንኩ ስነግረው ውሃውን ራሱ ጠጣው። አልታሰርኩም። ሳህንም አልሸከምም። የምኖረው መስኮት ባለው ቤት ነው። ጃኬቱን ግን አላወልቀውም፤ የአንገት ልብሱን አለቃዬ ወስዶታል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቢሮው በሙሉ ኮሎኔል እያለ ይጠራዋል።

ጃቫ የምለው ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ሰርቨር የሚባለው ደግሞ ሳይጠፋ እየሠራ ከየቦታው የሚመጣ ጥያቄ የሚያስተናግድ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ፋርማሲስቷ ጨርሳ አልተሳሳተችም። አፕሊኬሽን ማለት ሰው የሚገለገልበት ነገር ነው፤ ለምሳሌ የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ፣ የሐኪም ቀጠሮ የሚይዝ። እኔ የምሠራው እነዚህ ሁሉ የሚያድሩበትን ቤት ነው።

በስፌት ቤትሽ ላስረዳሽ። አንድ ትምህርት ቤት መጥቶ ዩኒፎርም ያዛል እንበል። ያ ትእዛዝ አፕሊኬሽኑ ነው። ዩኒፎርሙን ግን አንድ ሰው አይሠራውም፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ቁልፍ ትተክላለች፣ አንዱ ይተኩሳል። እኛ ዘንድ እነዚህ ኮምፖነንት ይባላሉ፤ ላንቺ ባለሙያዎች ልበላቸው። ኮንቴይነሩ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ክፍል ነው፤ ግን ግድግዳ ብቻ አይደለም። የሚያስፈልጋቸውን የሚያቀርብላቸው፣ በየተራቸው "ተዘጋጅ፣ ጀምር፣ አሁን አቁም" የሚላቸው እሱ ነው። ደህና ባለሙያ ክር ፍለጋ አይዞርም። "እኔ ክርና መርፌ ያስፈልገኛል" ብሎ አንዴ ይናገራል፤ ከዚያ ክሩ እጁ ላይ ይመጣል። ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም፤ ስለማያውቅም ነገ ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወር አይደናገርም። እኛን ሲያስተምሩን ሕጉን እንዲህ ነበር የሚሉት፤ "አንተ አትጥራ፤ ትጠራለህ።"

ከርነሉ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ነው። በሩን ይከፍታል፣ መብራቱን ያበራል፣ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ክፍል እንደሚሠራ ይወስናል፣ ክፍሎቹን በተራ ያስነሣል፣ ሲመሽም በተራ ይዘጋል። ብዙ ሰው ከኮንቴይነር ጋር ያምታታዋል፤ እኔም አምታትቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ከርነሉ ራሱ የኮንቴይነሮች ኮንቴይነር ነው። ግን ኮንቴይነሩ የሚያውቀው ባለሙያዎቹን ነው፤ ከርነሉ የሚያውቀው ክፍሎቹን ብቻ ነው። ክር ምን እንደሆነ ብትጠይቂው አያውቅም።

ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ዋናውን ነገር ለመጻፍ ስላፈርኩ ነው። እታለም፣ ላገባ ነው። ጥርስ ሐኪም ናት። የተዋወቅነው አፌን ከፍቼ ተጋድሜ ስለነበር መጀመሪያ ያወራችው እሷ ናት፤ አሁንም ተራ አልደረሰኝም። ሠርጋችን ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አባትና እናቴ ካለፉ ወዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፤ በዚያ ቀን ከጎኔ የሚቆም ሌላ ዘመድ የለኝም። ነይልኝ።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ክርሽ አይበጠስ።

ጥያቄ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ለሙሽራው ለጥያቄ፣

እልል! እልል! እልል! ይህን የጻፍኩት ለወጉ እንዳይመስልህ፤ ደብዳቤህን ሳነብ እንዲህ ነው የጮኽኩት። መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ፋርማሲስቷ መድኃኒት ልትሰጥ ያነሣችውን ብልቃጥ እንደያዘች ሮጣ መጣች፤ ገዢውም ተከትሏት መጣ፤ እሱም እልል አለ። ፈጣሪ ትዳራችሁን ያጽናው፣ ቤታችሁን በልጅ ጫጫታ ይሙላው። ልጅቷንም ወድጃታለሁ። ከጥርስ ሐኪም ጋር የሚኖር ባል መዋሸት አይችልም፤ አፉን ከፍታ ታየዋለች።

ስለ ሥራህ ያስረዳኸኝ ገብቶኛል። ለቆራጩም ነገርኩት፤ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ካለቀስን በኋላ" አለ።

ስለ መምጣቴ ግን

ይቅርታ፣ ተጠርቼ ነው። ቆራጩ ጠመኔ አልቆበት። ስለ መምጣቴ እንግዲህ፣ በእጃችን ካለው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሌላ የሆስፒታል ጋዎን ታዞ

ተመለስኩ። ስፌተኛዋ መርፌ ሰብራ ነው። ጋዎኑ ብዙ ነው፣ ለሚያዝያ ይደርሳል ተብሏል። እኔ ወደ ጓሮ እንኳ ዞር ስል "እታለም! እታለም!" ነው። ተኳሹ ውሃው የት እንዳለ ይጠይቀኛል። ውሃው ያለው ሁልጊዜ ካለበት ቦታ ነው። ታዲያ ይህን ቤት ለማን ጥዬ ነው የምመጣው? ራስህ ጽፈኸዋል፤ ከርነሉ ከወደቀ ሁሉም ይሞታሉ። ከርነሉ እኔ ነኝ ልጄ። አውሮፕላን ላይ የወጣሁ ለት እዚህ ያለው ሁሉ ቀጥ ይላል። ቃሌን ሳይሆን ቃልህን ነው የምልህ።

ደግሞ ተጠራሁ። በዚህ ላብቃ። ለልጅቷ ሰላም በልልኝ።

ከርነሏ አክስትህ


ጥር 15 ቀን

ለአክስቴ ለእታለም፣

የልብሽ መሻት ይሙላ፤ ደብዳቤ እስክትጨርሺ ድረስ የሚጠራሽ ይጥፋ።

በገዛ ምሳሌዬ አሰርሽኝ። ለእጮኛዬ ባነብላት "አክስትህ ትክክል ናት፤ አንተ ነህ በደንብ ያላስረዳኸው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ የቀረውን ልጨምር።

እኛ ቢሮ የመጀመሪያው የትኬት መሸጫ ልክ እንዳንቺ ነበር። ከርነሉም፣ ኮንቴይነሩም፣ አፕሊኬሽኑም አንድ ላይ የተቦካ ነበር። ትኬት አታሚው ወረቀት ሲያልቅበት የሚሸጠውም ይቆማል፤ ዋጋ የሚያሰላውም ይቆማል፤ ምንም የማይመለከተው የቀጠሮ መያዣው እንኳ አብሮ ይወድቃል። በሽተኛው "ቀጠሮዬ የት ገባ?" ሲል እኛ አታሚ ስንጠግን እንውላለን። ቆይቶ ነው የገባን። ጥፋቱ ከርነል መኖሩ አልነበረም፤ ከርነሉ የራሱ ያልሆነውን ሁሉ መሥራቱ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ስትይኝ አይደል ያደግኩት?

ከርነል ትንሽ መሆን አለበት፣ እታለም። የሚመካውም በትንሽነቱ ነው። ጠመኔ ማቀበል የከርነል ሥራ አይደለም፤ የኮንቴይነር ነው። ኮሌታው ቀጥ ማለቱን ማየት የኮንቴይነርም አይደለም፤ የባለሙያው ነው። አንቺ ሦስቱንም ሆነሻል፤ ከወደቅሽ ሁሉም ይወድቃል ያልሽው ለዚህ ነው።

እስቲ ሞክሪው። ሁለት ክፍል አለሽ፤ ዩኒፎርሙን በአንዱ፣ ጋዎኑን በሌላው አድርጊው። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አቅራቢ ሹሚ። ሠራተኛው ሁሉ የሚያስፈልገውን አንዴ ይናገር፤ ከዚያ ጥሪ ይቁም። የክፍሉን ለክፍሉ፣ የባለሙያውን ለባለሙያው ሰጥተሽ ስትጨርሺ በእጅሽ የሚቀረውን እዪው። ከርነል ማለት እሱ ብቻ ነው።

የጥሪ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ፓስፖርትሽ ላይ የመግቢያ ፈቃዱን እንዲመቱልሽ ኤምባሲ ሄደሽ ይህን አሳዪአቸው።

ጥያቄ


የካቲት 26 ቀን

ለጥያቄ፣ ስፌት ቤቴን በደብዳቤ ለሚያተራምሰው፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለጥርስ ሐኪሟ፣ ሰላም አንገቱ ለሞቀው ኮሎኔል።

ምክርህን ለሁሉም አነበብኩላቸው። ቆራጩ "ስለዚህ እኔ ኮምፖነንት ነኝ?" ብሎ ሊነሣ ሲል "ባለሙያ ነው ያለህ" ብዬ አስቀመጥኩት። የመንገዱን ክፍል ለዩኒፎርም፣ የጓሮውን ለጋዎን አደረግኩ። በመንገዱ በኩል ታላቋን ስፌተኛ፣ በጓሮ በኩል ቁልፍ ተካይዋን ሾምኩ። ከዚያ "በሉ፣ የሚያስፈልጋችሁን ተናገሩ" አልኩ። ስፌተኞቹ ክር፣ መርፌ፣ የመኪና ዘይት አሉ። ተኳሹ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አለ። ቆራጩ ጥቂት አሰበና "ጠመኔ፣ የተሳለ መቀስ፣ ክብር" አለ።

ታላቋ ስፌተኛ ወደ ጎን ሳበችኝና "ክብሩን ከየት ነው የማመጣለት?" አለችኝ። "ጠዋት ስትገቢ ቀድመሽ ሰላም በይው" አልኳት። ይሠራል ብዬ አልነበረም። ሠራ። ባለፈው ሰኞ ሲያፏጭ ሰማሁት።

ከቁራጭ ጨርቅ ኪስ ሰፍቼ በየመኪናው እግር ላይ አንጠለጠልኩ። ጠዋት አቅራቢዋ ኪሱን ትሞላለች፤ ሰው ከወንበሩ አይነሣም። ባለፈው ደግሞ የጓሮው ፊውዝ ተቃጠለና ጋዎኑ ቆመ፤ ዩኒፎርሙ ግን ምንም እንዳልሰማ ቀጠለ። ድሮ ቢሆን ሁሉም ተሰብስቦ ፊውዙን ያይ ነበር። ፊውዝ በመታየት አይሠራም።

አሁን ጉዱን ልንገርህ። "አትጥሩ፤ ትጠራላችሁ" የሚለውን ሕግህን ጠበቅ አድርጌ ነግሬያቸው ነበር። አንድ ቀን ዕቃ አድራሹ የጋዎኑን ጨርቅ ጭኖ መጣ። "ባለቤቷን ጥሩልኝ፣ ትፈርምልኝ" ይላል። እነዚህ እርስ በርስ ይተያያሉ። "መጥራት ክልክል ነው" አሉት። "ማን ከለከለ?" ቢል "ልጁ" አሉት። "የቱ ልጅ?" ቢል ተኳሹ "ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራው" ብሎ መለሰለት። እኔ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጬ "ዛሬስ እንዴት ያለ ሰላም ነው" እላለሁ። ሰውዬው ጠብቆ ጠብቆ እብዶች ናቸው ብሎ ጨርቁን ይዞ ሄደ።

ኋላ ጉዱን ስሰማ ከቆራጩ ጋር ሮጠን የትራፊክ መብራት ሲይዘው ደረስንበት። ጉልበቴ እንዲህ መሮጥ እንደሚችል ለካ አልነገረኝም። እየሳቅኩ ነው የፈረምኩለት።

ስለዚህ ሕግህ ቀዳዳ አለው። ከውጭ የመጣን እንግዳ ተቀብሎ "ያንተ ጉዳይ በዚህ ክፍል ነው" የሚል ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ዘንድ ይህ ማን ነው? ቶሎ ጻፍልኝ። ጋዎኑ ወደ ማለቁ ነው።

እታለም


መጋቢት 18 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ።

ቀዳዳውን ስላገኘሽው ኮሎኔሉ ራሱ ተነሥቶ አጨበጨበልሽ። እኛም ዘንድ አለ፤ በር ላይ ቆሞ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ እየተቀበለ ወደሚመለከተው አፕሊኬሽን የሚመራ፤ ኮኔክተር እንለዋለን። ከርነሉ መሆን የለበትም። ተኳሹን አድርጊው፤ ሰው ይወዳል።

የዕቃ አድራሹን ታሪክ ለእጮኛዬ ሳነብላት አንድ በሽተኛ አፉን ከፍቶ እየጠበቃት ነበር። ስትስቅ እሱም ሳቀ፤ አፉ ተከፍቶ እንዴት እንደሚሳቅ አላውቅም።

ግን እታለም፣ ለሠርጌ ከጠራሁሽ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሽልኝ። ስለ ፊውዝ ነገርሽኝ፣ ስለ ኪሱ ነገርሽኝ፣ ስለ ቆራጩ ፉጨት ሳይቀር ነገርሽኝ። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም የሚለውን ግን ቁርጡን አልነገርሽኝም። ሁልጊዜ ጥያቄ የምትዪኝ እኔ ነኝ፤ ይህ አንዱ ጥያቄዬ ነው።

ጥያቄ


ሚያዝያ 17 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ደህንነትሽን እመኛለሁ። አንድ ወር ሊሞላ ነው፤ መልስ የለም። ደውዬ "እታለም የለችም" ተባልኩ፤ በሌላ ቀንም ደውዬ "የለችም" ተባልኩ። አንቺ ከዚያ ቤት የት ትሄጃለሽ? "ደህና ናት?" ብዬ ብጠይቀው ቆራጩ "ከኛ ሁሉ ደህና ናት" ብሎ ዘጋብኝ። ስለዚህ ታመሽ አይደለም፤ መናገር ከብዶሽ ነው።

አይክበድሽ። አልቀየምም። ትንሽ ከፍቶኛል፤ ዋሽቼሽ ስለማላውቅ ነው የምነግርሽ። ቢሆንም ያን ቤት ያቆምሽው በስንት መከራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔን ያሳደግሽበት ቤት ነው። ለብቻው ይቆማል ብሎ ማመን ለማንም ይከብዳል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አንቺ ባትመጪ እጅሽ ይምጣ። የሙሽራዋን ልብስ አንቺ ስፊልን። ልኳን ራሴ ለክቼ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ደረቷን፣ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ ቁመቷን። በፖስታ ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

በጣም ናፍቀሽኛል።

ጥያቄ


ሚያዝያ 30 ቀን

ለልጄ ለጥያቄ፣

የወንድሜ ልጅ እያልኩ ስጽፍልህ ኖርኩ፤ ዛሬ ግን ልጄ ነው ያልኩህ፣ እንዲህ ብዬ ልጀምር። ዕንባህ ይታበስ። ዝም ያልኩህ ልጎዳህ ብዬ አይደለም። ለአንተ የምመልሰው መልስ ለራሴም ጠፍቶብኝ ነው።

ያልከኝን አድርጌ ጨረስኩ። የክፍሉን ለክፍሉ ሰጠሁ፣ የባለሙያውን ለባለሙያው፣ የእንግዳውን ለተኳሹ። ከዚያ "የቀረው ነው ከርነሉ" እንዳልከው እጄን ዘርግቼ አየሁት። ምን እንደቀረኝ ታውቃለህ? የበሩ ቁልፍና የመብራቱ ማብሪያ። ሃያ ዓመት ቤቱን በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ ስል ኖሬ ትርፉ ይኸው ሆነ። ቁልፉን ለተኳሹ ሰጠሁት፤ ካውያው እስኪግል ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። የመንገዱን ክፍል አስቀድሞ፣ የጓሮውን አስከትሎ እንዲያስነሣ ነገርኩት። "ሌላስ?" አለኝ። ሌላ የለም።

ከዚያ ሳልነግርህ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ በጥሪ ወረቀትህ ሄጄ ፓስፖርቴ ላይ ፈቃዱን አስመታሁ። ሁለተኛ፣ ልፈትናቸው ብዬ ሳምንት ሙሉ ከስፌት ቤት ልቀር ወሰንኩ። ስትደውል የለችም ያሉህ እውነታቸውን ነው፤ ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ እያየሁ ነበር።

ሳምንቱ ሳይጋመስ አልቻልኩም። ሄጄ ከማዶ ካለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። በመስኮቱ ይታያሉ። መኪኖቹ ይሠራሉ፣ ካውያው ያጨሳል፣ አንድ ደንበኛ ገብታ ወጣች። ቆራጩ አንድ ነገር ተናግሮ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ቆሜ ቆሜ አንድም ሰው "እታለም!" አላለም።

ፈራሁ፣ ልጄ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስሜን በጠሩ ቁጥር እየተነጫነጭኩ ስኖር፣ ለካ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ያ ጥሪ ኖሯል። ዩኒፎርሙ፣ ጋዎኑ፣ ቤቱን ለማን ልተው ያልኩህ ሁሉ ሰበብ ነው። ቤቱ ይወድቃል ብዬ አይደለም የፈራሁት። አይወድቅም ብዬ ነው የፈራሁት። ቤቱ ካልፈለገኝ ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው።

እያለቀስኩ መንገዱን ተሻግሬ ገባሁ። ተኳሹ ተቀበለኝና በሹመቱ ኮራ ብሎ "ጉዳይዎ በየትኛው ክፍል ነው?" አለኝ፤ እኔ መሆኔን ሲያይ ደነገጠ። ቆራጩ ቀና ብሎ "ምን ጎደለሽ?" አለኝ። በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ለእሱ የጎደለውን ነው የሚነግረኝ። "ምንም አልጎደለኝም፣ ናፍቃችሁኝ ነው" አልኩ። ወንበር አመጡልኝ። ታላቋ ስፌተኛ ዕንባዬን በጋዎን ቁራጭ ጠረገችልኝ። በገዛ ስፌት ቤቴ እንግዳ ሆኜ ሻይ ጠጣሁ፤ ደግሞ ጥሩ ሻይ ነበር፤ ለካ እኔ ስኖር ነው የሚያቀጥኑት። ጋዎኑም ቀኑ ሳይደርስ ተሰጥቷል፤ ማን እንዳስረከበው እንኳ አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤህ ደረሰ። አነበብኩት፤ "ናፍቀሽኛል" የምትለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ጠመኔ አቀብዪኝ አላልክም። መርፌ ተሰብሮብህም አይደለም የፈለግከኝ። ይህን ለመረዳት እዚህ ዕድሜ ላይ መድረሴ ይገርመኛል።

ልኩን ግን አየሁት። ምነው ልጄ! በስፌት ቤት አድገህ? ወገቧን የለካኸው በሹራብ ላይ ነው። ትከሻዋን ስትለካ ደግሞ እየሳቀች ነበር፤ ከሳቅ ጋር ነው የለካኸው። በዚህ ልክ ብሰፋው ልብሱ ለእሷም አይሆን፣ ለኮሎኔሉም አይሆን። ለቆራጩ ባሳየው "እንዲህ ያለ ሰው አልተፈጠረም" ብሎ ወረቀቱን ቀደደው፤ እኔም አልከለከልኩትም።

ነጭ ጨርቁን ገዝቻለሁ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ከታች ነው ያለው። የአውሮፕላን ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ የምደርስበትን ቀንና ሰዓት ቆራጩ ደውሎ ይነግርሃል፤ እኔ ብደውል አለቅሳለሁ። ልጅቷን ንገራት፤ ሹራቧን አውልቃ፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትስቅ ትጠብቀኝ። የሙሽራ ልብስ በደብዳቤ አይለካም። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ እየመጣሁ ነው።

አክስትህ